አዙሪትና የታላላቆቹ ወር

ያ ወር ሲገባ እንደ ማንኛውም ወር ነበር። መጀመሪያ የሄደው ያ ሁላችንንም በሳቅ ያንፈራፈረን ኮሜዲያን ነው። ሬዲዮው መሞቱን ሲናገር ግማሹ ሰው «ደግሞ ዛሬ ምን ሊቀልድ ነው?» ብሎ የቀልዱን መጨረሻ ጠበቀ። ሳምንት ሳይሞላ የእግር ኳሱ በረኛ ተከተለ። ከዚያ ቀዶ ሐኪሙ፣ ከዚያ የሒሳቡ ሊቅ፣ በመጨረሻ ዘፋኟ። በወሩ ማብቂያ ጋዜጣው የሁሉንም ፎቶ ባንድ ገጽ ላይ አወጣ፤ ሰውም ገጹን እያየ ከንፈሩን መጠጠ።

ጎረቤቴ ግን ገጹን ሲያይ ደረቱን ነፋ። «እነዚህን ሁሉ ያደረስኳቸው እኔ ነኝ» አለን በረንዳው ላይ ለተቀመጥነው። ጣቱ ከፎቶ ወደ ፎቶ ሄዶ ዘፋኟ ላይ ሲደርስ ቆመ። «ከሷ በቀር» ብሎ አረመ። የሚገርመው ይቺን «ከሷ በቀር» ያላት ከሌላው ሁሉ በበለጠ ኩራት ነው። ለምን እንደሆነ ላውጋችሁ።

ጎረቤቴ የማዘጋጃ ቤቱ የሬሳ መኪና ሹፌር ነው። መሥሪያ ቤቱ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ደመወዝ ከፋዩ ብቻ ነው፤ ለሌላው ሁሉ «አዙሪት» ነው። ስሙን ያወጡለት ሹፌሮቹ ናቸው፣ ምክንያቱም ይህ ሰው አስከሬን ጭኖ በቀጥታው መንገድ ሄዶ አያውቅም።

ነገሩ የጀመረው ገና ወጣት ሹፌር ሳለ ነው። አንድ ዳቦ ጋጋሪ ሽማግሌ አርፈው ሊወስዳቸው ሄደ። ዋናው መንገድ ለውሃ ቧንቧ ተቆፍሮ ተዘግቷል፤ ሌላ ምርጫ ስላልነበረው በጎን ባለው ጠባብ መንገድ ገባ። መንገዱ ደግሞ ሽማግሌው ዕድሜ ልካቸውን በሠሩበት ዳቦ ቤት ደጃፍ ያልፋል። ሠራተኞቹ መኪናውን በመስኮት ሲያዩ ዱቄታቸውን ሳያራግፉ ተንጋግተው ወጡና በር ላይ ተደርድረው ቆሙ። አንዱ በእጁ ሊጥ እንደያዘ ነው። አዙሪት ፍሬን ያዘ። ከጠዋት ጀምሮ ቃል ያልወጣት የሟቹ ልጅ አጠገቡ ጋቢና ተቀምጣለች። ያኔ ገና አፏን ከፈተች፤ «በቃ፣ አሁን ተሰናበተ» አለች።

ከዚያ ቀን ወዲህ አዙሪት ሥራው ሌላ ሆነ። ማታ ማታ ወደ ሟቹ ቤት ብቅ ይላል። ለይምሰል ደረጃውን ሊለካ ነው፣ ሳጥኑ ከመታጠፊያው ላይ ይዞር አይዞር እንደሆነ ለማየት። እውነትም ይለካል፤ ስንት ጊዜ ሳጥን ደረጃ ላይ ተቀርቅሮ ቤተሰብ ሲያፍር አይቷል። ግን ሜትሩን እየጠቀለለ ሳለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይጠይቃል፦ «በየት በኩል ቢሄዱ ደስ ይላቸው ነበር?» ልብስ ሰፊዋን በስፌት ቤቷ፣ አስተማሪውን በትምህርት ቤቱ አጥር፣ አትክልት ሻጯን በገበያው መሃል አሳልፏል። ሬዲዮ የጠራውንም ያልጠራውንም። ጥቁር ኮቱን ሚስቱ ሁልጊዜ ጠዋት በብሩሽ ትጠርግለታለች፤ እየጠረገችም ትነካካዋለች።

«ሙታንህ ከኔ የተሻለ ሽርሽር ያያሉ።»

«ታገሺ፣ ተራሽ ሲደርስ አንቺንም አዞርሻለሁ።»

«አንተ ሰውዬ! በቁሜ ነው ያልኩህ!»

እንግዲህ ያ ወር መጣ። ኮሜዲያኑን በቴአትር ቤቱ ደጃፍ አሳለፈው። አብሮት ሲተውን የኖረ ጓደኛው ከሕዝቡ መሃል ወጥቶ ወደ መኪናው ጠጋ አለና «አንተ፣ በሕይወትህ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰዓቱ ደረስክ!» ብሎ ጮኸበት። አልቅሶ የቆመው ሰው ሁሉ በሳቅ ፈነዳ። የሟቹ ሚስት ራሷ መሀረቧን አፏ ላይ አድርጋ ሳቀች። አዙሪትም መሪውን እንደያዘ የገዛ ትከሻው በሳቅ ሲንቀጠቀጥ በስፖኪዮው ይታየው ነበር።

በረኛውን ደግሞ በስታዲየሙ አጠገብ ብቻ ሊያሳልፈው ነበር ያሰበው። ዘበኛው ግን ትልቁን በር ከግራና ቀኝ በርግዶ ከፍቶ ጠበቀው። ምን ያድርግ? ገባ። በሣሩ ዙሪያ ባለው መሮጫ አንድ ዙር ዞረ፣ በአንደኛ ማርሽ፣ ሞተሩ እስኪያቃስት ቀስ ብሎ። ያንን ጎል ለዓመታት የጠበቁ እጆች እዚያች ሳጥን ውስጥ ናቸው። የጎሉ መረብ ጋ ሲደርስ የድሮ ተቃራኒ አጥቂዎች፣ ጠጉራቸው የሸበተ ሰዎች፣ ተሰልፈው ቆመዋል። አንዱ «አሁን እንኳ ቢሆን አላገባብህም ነበር» አለ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ የስምሪት ኃላፊው አስጠራው። ኃላፊው አዲስ ነው፤ ልጅ እግር፣ ሥራውን የሚወድ፣ መጥፎ ሰው ነው የማይባል።

«ጋሼ፣ ይቀመጡ።»

«ቆሜ ይሻለኛል አለቃ። ስቀመጥ እግሬ ፍሬን ይፈልጋል።»

ኃላፊው አልሳቀም። «ዛሬ ሌላ ቤተሰብ ሆስፒታሉ በር ላይ ፀሐይ ሲያከስለው ዋለ። አስከሬናቸውን ይዘው መኪና ሲጠብቁ፣ እርስዎ ስታዲየም ውስጥ ሲሮጡ ነበር።»

«አልሮጥኩም፤ በአንደኛ ማርሽ ነው የሄድኩት።»

«ጋሼ!»

«እሺ።»

«በዚህ ወር መኪና አልበቃን ብሏል። ከዛሬ ጀምሮ ቀጥታ ነው የሚሄዱት። አንድ ጊዜ ቢያዞሩ ቁልፉን አስረክበው ጎማ ክፍል ይገባሉ። ጡረታዎ እስኪደርስ እዚያው ነው። ቃሌ ነው።»

ጎማ ክፍል ማለት ጋራዡ ጀርባ ያለ መስኮቱ በሽቦ የታጠረ ክፍል ነው። ጥቁሩን ኮት አውልቆ ሰማያዊ ጋዋን ለብሶ፣ ከአፍ እስከ ገደፉ ጎማ በጎማ የሆነ ቤት ውስጥ መዋል ማለት ነው። አዙሪት መኪናውን በገዛ እጁ ነው የሚያጥባት፤ ማንም እንዲነካበት አይፈልግም። ከሷ ወርዶ የጎማ ዘበኛ መሆን ለሱ ከነሕይወቱ መቀበር ነው። ይሁንና እቤት ገብቶ ሲነግረን፣ ከዛቻው ይልቅ የከነከነው ያ ፀሐይ ላይ የዋለ ቤተሰብ ነበር። «በዚህስ እውነቱን ነው» አለ። «አንዱን አከብራለሁ ብዬ ሌላውን አዋረድኩ።»

ስለዚህ ጎበዝ ሆኖ ቀጥ አለ። ቀዶ ሐኪሙን ሲወስድ ዕድል ረዳው፤ ሐኪሙ ያረፉት በዚያው በሠሩበት ሆስፒታል ስለሆነ ጉዞው ራሱ የሚጀምረው ከሥራ ቦታቸው ነው። ነርሶቹ በአረንጓዴ ልብሳቸው ግቢውን ሞልተው ሸኟቸው። «ብልህ ሰው ናቸው፤ እኔን ከጎማ ክፍል አዳኑኝ» አለ አዙሪት።

ከዚያ የሒሳቡ ሊቅ አረፉ።

እኒህን ሰው ስማቸውን እንጂ ሥራቸውን የሚያውቅ አልነበረም። የውጭ አገር ሰዎች ሳይቀሩ ሊያዩአቸው ይመጡ ነበር አሉ፤ ለምን እንደሆነ ግን ጎረቤቶቻቸውም አያውቁም። አዙሪት እንደልማዱ ማታ ደረጃ ሊለካ ሄደ። ቤቱ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ደረጃው ጠባብ፣ መታጠፊያው ክፉ። ወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ጥቁር ሰሌዳ ተሰቅሏል፤ በጠመኔ ከተጻፈው ቁጥር ጎን በሌላ እጅ ጽሕፈት «ሽንኩርት አልቋል» ይላል። ሚስታቸው የሜትሩን ጫፍ ይዘውለት ደረጃውን አብረው ለኩ።

አዙሪት ጥያቄውን ዋጠው። ኮቱን ሲቆልፍ ግን ሴትየዋ ራሳቸው ጠየቁት።

«ወንድሜ፣ እርስዎ ሰውን ያዞራሉ ይባላል።»

«አዞር ነበር እህቴ።»

«ዩኒቨርሲቲው ነገ 'በኛ ግቢ በኩል ካላለፈ' ብሎ ነበር። እምቢ አልኳቸው። እሱ እዚያ ሄዶ አስተምሮ ይመጣል እንጂ አስቦ አያውቅም። የሚያስበው አውቶቡስ ላይ ነበር። አስራ አንድ ቁጥር። ተሳፍሮ እስከ መጨረሻው ይሄዳል፤ ሳይወርድ እስከ መጀመሪያው ይመለሳል። ሃምሳ ጊዜ 'የት ሄደህ ነበር?' ብዬዋለሁ። 'የትም' ነበር መልሱ።» ሳቅ አሉና ዓይናቸውን ጠረጉ። «አይሆንም ካሉ ግድ የለም።»

አዙሪት «እስቲ ነገ ያገናኘን» ብሎ ወረደ።

አስራ አንድ ቁጥር አውቶቡስን የምትነዳው ደግሞ የገዛ ልጁ ናት።

እራት ላይ ነገሩን ሳያነሳ ሲያኝክ፣ ልጁ ናት የጀመረችው። «አባዬ፣ ያ የሞቱት የሒሳብ ሊቅ የኔ ቋሚ ተሳፋሪ ነበሩ፤ ታውቃለህ? ሁልጊዜ ከኋላዬ ካለው ወንበር ላይ ነው የሚቀመጡት። ዝናብ ሲሆንማ መስተዋቱ ላይ ባለው ጉም በጣታቸው ይጽፉበታል። አንድ ቀን በመሃል ብድግ ብለው ለብቻቸው አጨበጨቡ። ተሳፋሪው ሁሉ ግራ ተጋብቶ አብሮ አጨበጨበ። ትኬት ቆራጩም አጨበጨበ። እኔም ክላክስ አደረግሁ። ለምን እንዳጨበጨብን እስከ ዛሬ የሚያውቅ የለም።»

«አግኝተውት ይሆናላ» አለች እናቷ።

«ምኑን?»

«እኔ እንጃ። የሚፈልጉትን።»

ያኔ አዙሪት ነገሩን ዘረገፈው፤ የሊቁ ሚስት ያሉትን፣ የኃላፊውን ቃል፣ ጎማ ክፍሉን። ሚስቱ ማንኪያዋን አስቀመጠች። «መኪናዋን ሊቀሙህ ነው እኮ። ያለሷ አንተን ማን ይችልሃል? እቤት ውስጥ እኔን ልታዞረኝ ነው?»

«አባዬ፣ አንተ ካልወሰድካቸው እኔ በአውቶቡሴ እወስዳቸዋለሁ» አለች ልጅቱ። «ትኬት አላቸው፣ የወር።»

አዙሪት ሳህኑን ገፋ አደረገ። ከዚያ «የሚጠብቅ ሰው መኖር የለበትም» አለ። «ሕጉን ብሰብር ልስበር። ሰው ግን ፀሐይ ላይ አላቆምም።» ተነስቶም ወደ ሥራ ጓደኛው፣ ባለመነጽሩ ወደሚባለው ሹፌር ቤት ሄደ። ባለመነጽሩ የሱን የከሰዓት ጉዞ ሊሸፍንለት ተስማማ። «እኔ ግን አላዞርም ጋሼ» አለ። «ልጆች አሉኝ።»

«ማን አዙር አለህ? አንተ በጊዜ ድረስላቸው።»

በማግስቱ ሳጥኑ ያንን ክፉ መታጠፊያ ያለ አንዳች ችግር ዞረ። አዙሪት ከደጃፉ ተነስቶ ወደ ግራ መታጠፍ ሲገባው ወደ ቀኝ ታጠፈ። ጋቢና ውስጥ ያሉት የሊቁ ሚስት ቀና ብለው አዩት። የመጀመሪያው ፌርማታ ሲደርስ ፍሬቻ አብርቶ ጥግ ያዘና ቆመ። አውቶቡስ የሚቆመውን ያህል ቆሞ ተነሳ። ሁለተኛውም ላይ ቆመ። ሦስተኛው ላይ አንዲት ዓይናቸው የደከመ አሮጊት ዘንቢላቸውን ይዘው ወደ በሩ ተንደረደሩ።

«ይሄ አውቶቡስ አይደለም እናቴ!»

«ታዲያ ለምን ፌርማታ ላይ ይቆማል?»

«ሰው ይዣለሁ። የዚህ መስመር ሰው ናቸው።»

አሮጊቷ ጠጋ ብለው አዩ፤ ገባቸው። ዘንቢላቸውን አስቀምጠው በእጃቸው መኪናዋን መታ መታ አደረጓት፤ ልክ ሰው ለሹፌር «ሂድ» ሲል እንደሚያደርገው።

ከአምስተኛው ፌርማታ በኋላ በስፖኪዮው አንድ አውቶቡስ ታየው። አስራ አንድ ቁጥር ነው። ልጁ ናት። ልታልፈው ትችል ነበር፤ አላለፈችውም። እሱ ሲቆም ትቆማለች፣ እሱ ሲነሳ ትነሳለች። የሚሳፈረው ሰው «ምንድን ነው?» ሲላት ትነግራለች፤ የሚወርደው ሰው ሳይወርድ ቀረ። ብዙዎቹ ሊቁን ያውቋቸዋል፣ በስም ሳይሆን በጭብጨባ። መጨረሻው ፌርማታ ላይ ተራ የሚጠብቁት የአውቶቡስ ሹፌሮች ከየመኪናቸው ወርደው ቆመዋል። ከልጁ አውቶቡስ ውስጥ መጀመሪያ አንድ ሰው አጨበጨበ፣ ቀጥሎ ሁሉም። አሁንም ለምን እንደሆነ አያውቁም፤ አሁን ግን ለማን እንደሆነ ያውቃሉ።

ሴትየዋ መሀረባቸውን እጃቸው ላይ እየጠቀለሉ «የት ሄደህ ነበር ስለው 'የትም' ይለኛል» አሉ። «ይሄ ሁሉ ሰው ጋ ነበር ለካ።»

አዙሪት ከቀብር ተመልሶ መኪናዋን አጠበ፤ ውስጧን ጠረገ፤ መስተዋቷን አጸዳ። ሳይጠራም ወደ ስምሪት ክፍል ሄዶ ቁልፉን ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

«አዙሬያለሁ አለቃ።»

ኃላፊው ቁልፉን አየው። «ማን ጠበቀ?»

«ማንም።»

ኃላፊው እንደገና ቁልፉን አየው፤ ቃል ግን ቃል ነውና ወደ መሳቢያው አስገባው። በማግስቱ አዙሪት ሰማያዊ ጋዋን ለበሰ። ሚስቱ ጠዋት ከልማድ የተነሳ ጥቁሩን ኮት ጠርጋ አቀበለችው፤ ሁለቱም ኮቱን አዩትና መልሳ ሰቀለችው። ያን ቀን ቀልድ አልተሰማም።

እሱ ግን ጎማ ክፍል ውስጥም ቢሆን አዙሪት ነው። ጎማውን በልኩ ለይቶ ደረደረ፤ ክፍሉ ሰው ቤት መሰለ። እኔ አንድ ቀን በዚያ ሳልፍ ብቅ ብዬ «እንዴት ነው?» ስለው «እዚህ ያሉት ሁሉ ክብ ናቸው፤ እኔን ሳይሆን ራሳቸውን ያዞራሉ» ብሎ ሊያስቀኝ ሞከረ። ዓይኑ ግን በሽቦው ውስጥ አልፎ መኪናዋ ቆማ ወደነበረችበት ቦታ ይሄድ ነበር።

ወሩ ሊያልቅ ሲል ዘፋኟ አረፈች። ጉዞው ለባለመነጽሩ ደረሰው፤ «ቀጥታ» የሚል ትእዛዝ አብሮት። ባለመነጽሩ ወደ ጎማ ክፍሉ መስኮት መጣ።

«ጎማ ፈልጌ ነው ጋሼ።»

«የቱ ነው የተነፈሰው?»

«እኔ።»

አዙሪት በሽቦው በኩል አተኩሮ አየው።

«ልጅ ሆኜ እናቴ በሷ ዘፈን ነው ያስተኛችኝ» አለ ባለመነጽሩ። «ቀጥታ ወስጄ የምጥላት ዕቃ ናት እንዴ? ቴአትር ቤቱ ጋ ላዙራት ወይስ ሬዲዮ ጣቢያው ጋ?»

«ልጆች አሉኝ ስትል አልነበር?»

«አሉኝ። ማታ ምን ልበላቸው?»

አዙሪት ይቺን ሲሰማ ወደ ሽቦው ተጠጋ። «እኔን አትጠይቀኝ። ቴአትር ቤቱ የኛ ትዝታ ነው፤ የሷን ትዝታ ግን እህቷን ጠይቅ። ማታ ሂድ፣ ደረጃውን ለካ፣ ሜትሩን እየጠቀለልክ ጠይቅ። ፊት ለፊት እያየህ አይደለም፤ ሰው ፊት ለፊት ሲያዩት የሚመልሰው ለሬዲዮ የሚሆን መልስ ነው። የከሰዓቱን ጉዞህን ደግሞ የሚሸፍን ሰው ፈልግ። ማንም እንዳይጠብቅ።»

እህትየዋ የመለሱት ማንም ያልጠበቀውን ነው፤ ልብስ ማጠቢያ ቤት። ዘፋኟ ሳትታወቅ በፊት እዚያ በካውያ ልብስ ትተኩስ ነበር፤ ከእንፋሎቱ ጫጫታ በላይ እንዲሰማ ብላ ነው ያንን ድምፅ ያወጣችው። ልብስ ማጠቢያው ደግሞ ከጋራዡ ጀርባ ባለው መንገድ ላይ ነው።

ስለዚህ በዚያ ቀን አዙሪት ከጎማ ክፍሉ በር ላይ ሆኖ ሁሉንም አየ። የባለመነጽሩ መኪና ቀስ ብላ መጣች፤ በአንደኛ ማርሽ። ተኳሾቹ ሴቶች ወጥተው ተሰለፉ። ውስጥ የቀረችው አንዷ የእንፋሎት መተኮሻውን ደጋግማ ረገጠችው፤ ነጩ እንፋሎት ፉጨት እያሰማ በመስኮት ወጣ። ከሴቶቹ አንዷ መዝፈን ጀመረች፣ ሌሎቹ ተቀበሏት። አዙሪት ቆቡን አውልቆ ቆመ። ባለመነጽሩ ከመሪው ላይ ጣቱን አንስቶ ሰላም አለው። ኃላፊው በላይኛው ፎቅ መስኮት ላይ ቆሞ ነበር፤ ዘፈኑ እስኪያልቅ ከመስኮቱ አልተነቃነቀም።

በማግስቱ ጠዋት ኃላፊው ሹፌሮቹን ሁሉ ግቢው ውስጥ ሰበሰበ።

«ማን ነው ቀጥታ የሚሄድልኝ?»

ወይ ፍንክች። አንዱም እጁን አላወጣም።

«እሺ፣ ሁላችሁንም ጎማ ክፍል ላስገባችሁ?»

«ቦታ የለም አለቃ» አለ አዙሪት ከኋላ በጋዋኑ። «ጎማዎቹ የት ይደሩ?»

«ታዲያ እኔ ልንዳ?»

«መንጃ ፈቃድ አለዎት?» አለ ባለመነጽሩ፣ ከልቡ የሚጠይቅ መስሎ። ግቢው በሳቅ ተናጋ። ኃላፊው ሊቆጣ ፈልጎ ነበር፤ ከንፈሩ ከዳው። እጁን ኪሱ ከተተና ከመሳቢያው ይዞት የወጣውን የአዙሪትን ቁልፍ አውጥቶ ወረወረለት። አዙሪት በሁለት እጁ ያዘው፤ በረኛው ቢያየው ይኮራበት ነበር።

«ማታ ቤተሰቡን ትጠይቃላችሁ፤ ለኔ ትነግሩኛላችሁ፤ እኔ መኪናውን አመቻቻለሁ» አለ ኃላፊው። «ፀሐይ ላይ የሚቆም አንድ ሰው ካየሁ ግን ጎማውን አውጥቼ እናንተን እደረድራችኋለሁ።»

«ይሄማ የኔው ሕግ ነው» አለ አዙሪት።

እንግዲህ ጋዜጣው ያንን ገጽ ሲያወጣ «ከሷ በቀር» ያለው ለዚህ ነው። ሌሎቹን ያደረሰ እሱ ነው። እሷን ግን ያዞራት መሪ ሳይጨብጥ ነው።

በዚያው ሳምንት አንድ ምሽት ከሥራ ስወጣ አስራ አንድ ቁጥር ላይ ተሳፈርኩ። አዙሪት ጥቁር ኮቱን ለብሶ ከልጁ ኋላ፣ ያቺ የሒሳቡ ሊቅ ወንበር ላይ ተቀምጧል። ጋራዡ በር አጠገብ ስንደርስ አውቶቡሱ ፍጥነቱን ቀነሰ። ፌርማታ የለም፣ መብራት የለም። ልጅቱ ወደ አንደኛ ማርሽ መለሰችና በበሩ ፊት ቀስ፣ ቀስ ብላ ማለፍ ጀመረች። የበሩ ዘበኛ ግራ ገብቶት ቆቡን አወለቀ።

አዙሪት ከወንበሩ ብድግ አለ። «አንቺ ልጅ! ምን ሆነሽ ነው የምትንቀረፈፊው? እኔ ገና ነኝ!»

«አውቃለሁ አባዬ» አለች፣ ዓይኗን ከመንገዱ ሳትነቅል። «መንገዱን ልለማመደው ብዬ ነው።»

ተሳፋሪው ሳቀ። እሱ ወንበሩ ላይ ተመልሶ ኮቱን አስተካከለ። «እንግዲያውስ ማርሹን በደንብ ያዢው» አላት። «ሞተሩ እያቃሰተ ነው።»